ሁለት ንግድና አንድ ኪራይ ያለው ነጋዴ ገቢውን እንዴት ያሳውቃል?

በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ አንድ ነጋዴ እህል እየሸመተ ሲሸጥ፣ በጎን ዝተትና ባና ሲነግድ፣ ከሱቁ ጀርባ ያሉትን ክፍሎች ደግሞ ሲያከራይ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱም የወር ደመወዝ አለው፤ ገጠር መሬት ያለው ደግሞ የራሱን ገብስና በግ ያወጣል። ጭንቁ የሚመጣው ሐምሌ ሲገባ ነው። የትኛው ገቢ ከየትኛው ጋር ይደመራል? የትኛውስ ለብቻው ይቆማል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ የሚሠሩ የግል ነጋዴዎችን የሥራ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። የአከፋፈሉ መሠረት ግን በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በግልጽ ይታያል። አዋጁ ገቢን በሠንጠረዥ ይለያል፤ ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ በ«ለ»፣ የንግድ ሥራ በ«ሐ» ይስተናገዳሉ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ሠንጠረዥ ሥር ያሉ ገቢዎች ይደመራሉ፣ የተለያዩ ሠንጠረዦች ግን አይቀላቀሉም። አሜሪካ ያለ ዘመድ ደመወዙንም ንግዱንም ኪራዩንም ደምሮ በአንድ ላይ ያሳውቅ ይሆናል፤ የእሱን ምክር ይዞ እዚህ ቅጽ መሙላት ግን አይበጅም።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ነጋዴ የእህል ሽያጭ በዓመት 1,200,000 ብር፣ የዝተቱ ደግሞ 900,000 ብር ነው እንበል። ሁለቱ በተለያየ ሱቅ ቢሸጡም ሁለቱም የንግድ ሥራ ናቸው፤ ድምሩ 2,100,000 ብር ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ ማሻሻያ አዋጅ ለደረጃ «ሀ» ያስቀመጠው መነሻ 2 ሚሊዮን ብር በመሆኑ፣ በዚህ ልኬት ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱን ንግድ ለየብቻ አይቶ «ትንሽ ነኝ» ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ደግሞም ለአንድ ሰው የሚሰጠው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ሱቆች በአንድ ስም መገናኘታቸው አይቀርም። ክልሉ የሚሠራበትን የደረጃ መነሻ ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

መደመሩ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። እህሉ 90,000 ብር አትርፎ ዝተቱ 30,000 ብር ቢከስር፣ መዝገብ የያዘ ነጋዴ የሚያሳውቀው የንግድ ትርፍ 60,000 ብር ነው። መዝገብ የሌለው ግን ኪሳራውን በምን ያስረዳል? ይኸው ነጋዴ ኪሳራውን ከቤት ኪራዩ ላይ ልቀንስ ቢል ደግሞ አይፈቀድለትም፤ ኪራዩ የራሱ ሠንጠረዥ፣ የራሱ ወጪና የራሱ ስሌት አለው። በአንጻሩ ኪራዩን በንግዱ ትርፍ ላይ ደምሮ ማሳወቅም ራስን መጉዳት ነው፤ ምጣኔው በየእርከኑ እያደገ የሚሄድ በመሆኑ ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል። ደመወዝ ላይ ያለውን ግብር ቀጣሪው ቀንሶ የሚያስገባው ስለሆነ ከንግዱ ጋር አይነካካም።

አስቸጋሪው የእርሻው ነው። የአርሶ አደር ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ በክልሉ ለብቻቸው ይታያሉ። ከራሱ ማሳ ያገኘውን ገብስና ከጎረቤት ገዝቶ የሚሸጠውን በአንድ መጋዘን የሚያከማች ሰው ግን ሁለቱን የሚለይ ወረቀት ከሌለው፣ ገምጋሚው ሁሉንም ንግድ ነው ቢለው መከራከሪያ ያጣል። ስለዚህ በገበያ ቀን የተገዛው ኩንታል ከማን፣ መቼና በስንት እንደተገዛ በደብተር መመዝገብ ያለበት ያኔውኑ ነው።