የመምህራን የጋራ ሚዛን

አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ከባጃጅ ጋር ቢጋጭ በሌላው ላይ ትልቁን ፎርስ የሚያሳርፈው የትኛው ነው? በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ሁለቱ ፎርሶች እኩል ናቸው፤ ባጃጁ ይበልጥ የሚወረወረው መጠነ ቁሱ አነስተኛ ስለሆነ ነው። ሕጉን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ «አይሱዙው» ብሎ ይመልሳል።

ይህን መሰል፣ ስሌት የማይጠይቁ ጥያቄዎችን የያዘ ፈተና ዴቪድ ሄስቴነስና ሁለት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ አሳተሙ። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ሪቻርድ ሄክ ደግሞ በየስብሰባውና በኢሜይል መምህራንን አንድ ነገር ጠየቁ፤ ፈተናውን በኮርሱ መጀመሪያና መጨረሻ ሰጥተው ውጤቱን እንዲልኩላቸው።

ክፍሎቹ የተነሡበት ደረጃ የተለያየ በመሆኑ ውጤታቸውን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ የተገኘው ጭማሪ ሊገኝ ይችል ለነበረው ጭማሪ ይካፈላል። በአማካይ ከ100 40 ይዞ የጀመረ ክፍል 70 ቢደርስ፣ ይቀረው ከነበረው 60 ነጥብ 30ውን አግኝቷልና ዕድገቱ 0.5 ነው። ከ70 ተነሥቶ 85 የደረሰም እንዲሁ 0.5 ይሆናል።

ሄክ በ1998 ባሳተሙት ጥናት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከኮሌጆችና ከዩኒቨርሲቲዎች የተሰበሰበ የ62 ኮርሶችና የ6,542 ተማሪዎች ውጤት ይገኛል። በአብዛኛው መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው 14 ኮርሶች አማካይ ዕድገቱ 0.23 ሲሆን፣ ተማሪዎች እርስ በርስ እየተወያዩ ወዲያው እርማት በሚያገኙባቸው 48 ኮርሶች 0.48 ነበር። በራሱ ክፍል ተወስኖ 0.23 ያገኘ መምህር በተማሪዎቹ ስንፍና ሊያሳብብ ይችላል። ከሌሎች 13 ኮርሶች ጎን ሲያስቀምጠው ግን ነገሩ ወደ ማስተማሪያው ዘዴ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ ይነሣል። ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ መምህር ቁጥሩን ለመላክ ምን ያነሣሣዋል? ሄክም ይህን አልሸሸጉም፤ የተላከላቸው ወደ መልካም ውጤት ሊያዘነብል እንደሚችል ጽፈዋል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከበረው ስጦታ ያ ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ እርሱ ባይላክ ኖሮ 0.48 ከምን ጋር ይነጻጸር ነበር?

በአገራችንም መምህራን ሃንድአውትና የፈተና ወረቀት በቴሌግራም ይለዋወጣሉ። መልካም ነው፤ ሆኖም ሃንድአውቱ በክፍል ውስጥ ምን ለውጥ እንዳመጣ የሚናገር ቁጥር አብሮት ሲጓዝ አናይም።

አንባቢያን ስሌቱን ይሞክሩት፤ ከ25 ተነሥቶ 55 የደረሰ ክፍል ዕድገቱ ስንት ነው? መልሱ ከ0.23 በላይ፣ ከ0.48 በታች ነው።