ጭስ ጠቋሚው ከሰሉን አያውቅም

አዊ ከሰል የሚከሰልበት አገር ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር ተክሎ፣ አክስሎ ይሸጣል። በአዘናም ክረምቱ ሲከፋ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ የላከለት ወይም ገዝቶ ጭስ ጠቋሚ ያስገባ ሰው፣ መሣሪያው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለይቶ ይወቅ።

ጭሱን በምን ይለየዋል?

አንደኛው ዓይነት በብርሃን ይሠራል። በውስጡ ባለች ጨለማ ክፍል ትንሽ መብራት ታበራለች፤ ብርሃን የሚለየው አካል ግን ጨረሩ በቀጥታ በማይደርስበት ጥግ ተቀምጧል። ጭስ ሲገባ ብናኙ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ በበር ስንጥቅ የገባ የፀሐይ ጨረር አቧራውን እንደሚያሳየን ማለት ነው። የተበተነው ብርሃን ጥጉ ላይ ሲያርፍ መሣሪያው ይጮኻል። ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ነበልባል ሳያወጣ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ቶሎ የሚነቃው ይህ ነው፤ ለመኝታ ቤት እኔ የምመርጠውም እሱን ነው።

ሌላው አሜሪሲየም 241 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጣም በትንሹ ይዟል። ጨረሩ በአየሩ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ያደርጋል፤ ጭስ ሲገባ ፍሰቱ ይቀንስና ደወሉ ይነሣል። ይህኛው ለሚንቦገቦግ እሳት ፈጣን ነው። ፈታታችሁ አትዩት።

የት ይሰቀል?

ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቦታው ኮርኒስ ነው፤ መኝታ ክፍልና ደጃፉ ላይ። ከማድ ቤት፣ ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ይራቅ። አለዚያ በየቀኑ ሲጮህ ቤተሰቡ ይሰለችና ባትሪውን ያወጣዋል።

እንክብካቤው

በወር አንዴ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫኑ። አቧራውንና የሸረሪት ድሩን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ ውኃና ቀለም አይንካው። በየደቂቃው ገደማ አጭር ድምፅ ካሰማ ባትሪው አልቋል። ጀርባው ላይ ከታተመው የምርት ቀን 10 ዓመት ሲሞላው መሣሪያው ራሱ ይቀየር።

ከሰሉስ?

የቀላ ፍም እምብዛም አይጨስም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይያያዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ ሰውነት አልታዘዝ ይላል። ጭስ ጠቋሚው በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ይላል። ለዚህ ጋዝ ሌላ ጠቋሚ አለ፤ እሱም ቢኖር ከምድጃ ጋር ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም። «ፍሙ ቀልቷል፣ ከእንግዲህ አያፍንም» የሚለውን አትመኑ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ውጭ አውጡት።