ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዝ አንቀጽ

ምክንያትን ከውጤቱ ጋር ስናያይዝ «በዚህም የተነሣ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ» በመሳሰሉት አያያዥ ቃላት እንጠቀማለን። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

ፊትን ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል፤ በዚህም የተነሣ ፊት ይቀላል። ይሁን እንጂ መርዙ ቆዳን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ጉዳቱ በተቀባው ሰው ላይ ብቻ አያበቃም፤ ምክንያቱም ቅባቱ በነካው እጅና ፎጣ አማካይነት ወደ ሕፃናት ሊተላለፍ ይችላል። ሜርኩሪ መኖሩ በማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፤ በሽታም ሆነ በመልክ አይለይም፤ በላቦራቶሪ ምርመራ ግን ይታወቃል። ስለዚህ የመዋቢያዎች ቁጥጥር ለገዢው ብቻ የሚተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን እጅ ከአንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይመረት አገደ፤ በ2023 ደግሞ እገዳው ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ሁሉ እንዲያጠቃልል ተወሰነ።

መልመጃ

1. በአንቀጹ ውስጥ ያሉትን አያያዥ ቃላት አውጡ፤ እያንዳንዱ ያያያዘውን ምክንያትና ውጤት ለይታችሁ ጻፉ።
2. ተቀቢው የፊቱን መቅላት እያየ ጉዳቱን ለምን አያስተውልም? በሦስቱ አያያዦች ተጠቅማችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።