ስለ ሙሽራ እቅፍ አበባ

ጥያቄ፦ በመጪው ጥር ልዳር ነው። ቁመቴ አጠር ያለ ሲሆን የምለብሰው ጥልፉ የበዛ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ከእቅፍ አበባ ዓይነቶች የትኛው ይስማማኛል?

መልስ፦ ወይዘሪት ሆይ፥ አስቀድሞ ጋብቻዎን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልዎ። የሙሽራ እቅፍ አበባ መልኩ ብዙ ቢሆንም፥ በተለይ ሦስቱ ሥርዓቶች የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም አበቦቹ ተጠጋግተው እንደ ጉልላት የሚሰበሰቡበት ክቡ፥ ልዕልት ዲያና በ1981 እ.ኤ.አ. በሠርጓ ዕለት እንደ ያዘችው ከእጅ ወደ ታች እንደ ፏፏቴ የሚፈሰው ወራጁ፥ ረዣዥም አገዳዎቹ ሳያጥሩ በክንድ ላይ የሚጋደመውም ሦስተኛው ናቸው። ወራጁ ክብደቱ እጅን የሚያደክም፥ የቀሚስንም ጥበብ የሚጋርድ፥ አጠር ያለችውንም ሙሽራ የሚውጥ ስለ ሆነ፥ ለእርስዎ የሚገባው ክቡ ነው፤ እርሱም ኅብረ ቀለም ሳይበዛበት ከ15 እስከ 20 በሚደርስ ነጭ ጽጌ ረዳ ቢሠራ፥ የጥልፉ ጌጥ ጎልቶ ይታያል። ጽጌ ረዳውም እንደ ሆለታ ባሉ ደጋ አገሮቻችን ስለሚለማ፥ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያሻዎትም። ሲይዙት ከእምብርትዎ ከፍታ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ አገዳው በሰያፍ ተቆርጦ እስከሚወጡበት ሰዓት ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቆይ።