ስኪ ወይስ የመጠጥ ውሃ? ከዶብራች ተራራ የተማርነው

በዘንድሮው የጂኦግራፊ ትምህርታችን ስለ አልፕስ ተራሮች ስናጠና፣ ከታላላቆቹ ከሞንት ብላንክና ከማተርሆርን ይልቅ ያከራከረን ከዚያ በፊት ስሙን ሰምተነው የማናውቅ አንድ አነስተኛ ተራራ ነበር። ስሙ ዶብራች ይባላል። የሚገኘው በደቡብ ኦስትሪያ፣ በካሪንቲያ ክፍለ ሀገር፣ በቪላኽ ከተማ አጠገብ ነው።

ለምን በረዶ ይጥልበታል?

የዶብራች ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,166 ሜትር ነው። ይህ የራስ ደጀንን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍልም ከዚህ ከፍ ይላል። ታዲያ አዲስ አበባ የማታውቀው ወፍራም በረዶ ዶብራችን ለወራት የሚያለብሰው ለምንድን ነው? የአየር ጠባይን የሚወስነው ከፍታ ብቻ ስላልሆነ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ስትርቅ፣ ዶብራች ከ46 ዲግሪ በላይ ይርቃል። በዲሴምበርና በጃንዋሪ እዚያ ቀኑ አጭር ነው፤ ፀሐይም ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ሙቀቷ ይደክማል። የእነሱ ክረምት እንደ እኛ የዝናብ ወቅት ሳይሆን የብርድ ወቅት ነው። በረዶውም ከዝናብ ጋር ጣሪያ እየደበደበ የሚወርደው ጠጠር ሳይሆን፣ እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚያርፈው ነው።

የተራራው ድንጋይ

ዶብራች በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በዝናብ ውሃ ቀስ በቀስ ስለሚሟሟ ውስጡ ስንጥቅና ዋሻ ይበዛዋል። በባሌ የዌይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የፈለፈለው በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1348 በአካባቢው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የዶብራች ደቡባዊ ገጽ ተንዶ የጋይል ወንዝን ገድቦት ነበር።

ለትምህርታችን ዋናው ነገር ግን ውሃው ነው። በተራራው ላይ የቀለጠው በረዶና የዘነበው ዝናብ በስንጥቁ ሰርጎ ከግርጌው በምንጭነት ይወጣል። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት ቪላኽ የመጠጥ ውሃዋን የምታገኘው ከዚህ ተራራ ነው። አፈርና አሸዋ ውሃን ያጣራሉ፤ በስንጥቅ የሚሮጥ ውሃ ግን ብዙም ሳይጣራ ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ የፈሰሰ ዘይት ወይም ነዳጅ ከታች ቧንቧ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

የስኪ መጫወቻው

በ1960ዎቹ ወደ ተራራው 16.5 ኪሎ ሜትር የሚሆን የመኪና መንገድ ተሠራ። ላይኛው ክፍል ላይም የስኪ ሊፍቶች ነበሩ። ሊፍት ማለት በሞተር የሚዞር የብረት ገመድ ሲሆን፣ ሰዎችን እየሳበ ወይም ወንበር ላይ አስቀምጦ ሽቅብ ይወስዳል። እነሱም በስኪ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። መንሸራተቻውን ደግሞ ከባድ ማሽኖች እየደለደሉ ያስተካክሉታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በረዶ ሲኖር ነው። ተራራው ዝቅ ያለ በመሆኑ በረዶው የማያስተማምን ሆነ፤ ሊፍቶቹም አላዋጡም። ሌሎች ቦታዎች እንዲህ ሲገጥማቸው ሰው ሠራሽ በረዶ ያመርታሉ። ይኸውም ውሃን በኃይል ገፍቶ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ እንደ ጉም መርጨት ነው፤ ጠብታዎቹ መሬት ሳይደርሱ ይረጋሉ። ዶብራች ላይ ይህን ማድረግ ግን የከተማዋን የመጠጥ ውሃ አደጋ ላይ የሚጥል ሆኖ ተገኘ።

ውሳኔው

እ.ኤ.አ. በ2002 የስኪ ሊፍቶቹ ተዘጉ፤ ከዚያም ተነሡ። በዚያው ዓመት ዶብራች የካሪንቲያ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በክረምት ሰዎች ወደዚያ የሚወጡት በበረዶ ላይ በእግር ለመጓዝና ያለ ሊፍት፣ በራሳቸው ጉልበት፣ በስኪ ለመውጣት ነው። ከግርጌው ደግሞ የስኪ ዝላይ ማማዎች ያሉት የስፖርት ማዕከል አለ። ስለዚህ ስፖርቱ ከተራራው አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ።

በክፍላችን በዚህ ውሳኔ ላይ ስንከራከር አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም። ገሚሶቻችን፣ «ውሃ ከሌለ ከተማ የለም፤ ውሳኔው ትክክል ነው» አልን። ሌሎቻችን፣ «በሊፍቱ እንጀራ ይበላ የነበረውስ?» ብለን ጠየቅን። ቪላኽ በቅርቧ ጌርሊትሰን የሚባል ሌላ የስኪ ተራራ ስላላት መምረጥ እንደቀለላት ያስተዋሉም ነበሩ። ሌላ ተራራ የሌላት ከተማ ብትሆንስ ኖሮ? በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ የተዘጋ ሊፍት በሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል፣ የተበከለ ምንጭን ግን ወደ ቀድሞው ንጽሕናው መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ለውይይት

1. ከፍታው ከአዲስ አበባ የሚያንስ ተራራ በረዶ የሚለብሰው ለምንድን ነው?
2. የኖራ ድንጋይ ተራራ ውሃ በቀላሉ የሚበከለው እንዴት ነው?
3. ቤታችሁ የምትጠጡት ውሃ ከየት ይመጣል? ከምንጩ በላይስ ምን ይሠራበታል? ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።