ጥቁሩ ድንጋይና የእኔ ስህተት

የዛሬውን ትምህርት የምጀምረው ያለብኝን ዕዳ በመክፈል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ተማሪ ከኒው ጀርሲ ያመጣውን ጥቁር ድንጋይ አሳየን። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቶበታል። እኔም ማግኔት አስጠጋሁና ትንሽ ሲሳብ ጊዜ «ይሄማ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ነው» አልኳችሁ። ሁላችሁም ጻፋችሁ። ስንወጣ ግን አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ማግኔታይት ከሆነ ለምን በደንብ አልተሳበም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ድንጋዩን ተውሼ ቤት ወሰድኩትና በወለል ሴራሚክ ጀርባ፣ በሻካራው በኩል፣ ፈገፈግኩት። ማግኔታይት የሚተወው መስመር ጥቁር ነው። የዚህኛው ግን ቀላ ያለ ቡናማ ሆነ። እኛ የሂሳብ ሠራተኞች አንድ ደረሰኝ ብቻ አይተን መዝገብ አንዘጋም። የመስመሩ ቀለም፣ የማግኔቱ መሳብ መድከምና ድንጋዩ የመጣበት ቦታ፣ ሦስቱም አንድ ስም ይሰጣሉ፦ ፍራንክሊናይት።

ፍራንክሊናይት ምንድን ነው?

ዚንክ፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ኦክስጅን ያሉበት ማዕድን ነው። ማግኔታይትና ፍራንክሊናይት ሁለቱም የስፒኔል ቤተሰብ ናቸው። ውስጣዊ አሠራራቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ይይዛሉ፤ ሁለት ፒራሚዶች ታችና ታቻቸው ቢጣበቁ ማለት ነው። እኔን ያሳሳተኝም ይሄው የዘመድ መልክ ነው።

ስሙን በ1819 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ፈረንሳዊው ፒየር ቤርቲየ ሲሆን፣ ከኒው ጀርሲዋ ፍራንክሊን ወስዶ ነው። በሌላው ዓለም ብርቅ ነው፤ በፍራንክሊንና በጎረቤቷ በስተርሊንግ ሂል ግን በብዛት ተቆፍሯል።

መጀመሪያ ሰዎች ብረት እናወጣለን ብለው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ዚንኩ እያስቸገረ አልሆነላቸውም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን ከዚያው ማዕድን ለቀለም የሚሆን ነጭ የዚንክ ዱቄት ማውጣት ተቻለ። የቀረው ብረትና ማንጋኒዝም ለአረብ ብረት ሥራ ዋለ። ችግር የነበረው ዚንክ ሀብት ሆነ ማለት ነው! የፍራንክሊን ማዕድን ማውጫ በ1954፣ የስተርሊንግ ሂሉ በ1986 ተዘጉ። ሁለተኛው ዛሬ ሙዚየም ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራ ዊለማይት አረንጓዴ፣ ካልሳይት ቀይ ያበራሉ። ፍራንክሊናይት ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

ዚንክን እናንተም ታውቁታላችሁ። አያቶቻችሁ ቤት ዝናብ ሲዘንብ የሚንጫጫው የቆርቆሮ ጣሪያ ብረት ነው፤ ቶሎ እንዳይዝግ ዚንክ ተለብጦበታል።

አዲስ ቃላት
ማዕድን፦ በተፈጥሮ መሬት ውስጥ የሚገኝ እንደ ጨው፣ ወርቅ ያለ ነገር
ብርቅ፦ በቀላሉ የማይገኝ
ዛገ፦ ብረት በውሃና በአየር ተበላሸ
ለበጠ፦ ላዩን በሌላ ነገር ሸፈነ

ጥያቄዎች
1. ማግኔታይትንና ፍራንክሊናይትን በምን እንለያለን?
2. ቆርቆሮ ላይ ዚንክ የሚለበጠው ለምንድን ነው?
3. ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ ልጅ ሆነው የሚኖሩበት ቤት ጣሪያ ምን ነበር? በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

በመጨረሻ ደብተራችሁን አውጡ። «ማግኔታይት» ያላችሁትን በላጲስ አታጥፉት። አንድ መስመር አስምሩበትና ከጎኑ ትክክለኛውን ጻፉ። እኛም መዝገብ የምናርመው እንደዚህ ነው፤ ስህተቱም እርማቱም ይታያል። ለጠየቀችኝ ተማሪ ምስጋናዬ ይድረሳት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው ይበለን!