ስለ አካል ጉዳተኞች የሚደረግ ጥናትና የጠያቂው ኀላፊነት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። አካል ጉዳት በሽታ ባይሆንም ተረቱ ለእርሱም ይሠራል። ነገር ግን ሰው ችግሩን የሚደብቀው ሁልጊዜ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጠያቂው በሚያሳፍር ቃል ከጠየቀው፣ ወይም መልሱን ሰምቶ ምንም እንደማይሠራበት ካወቀ፣ ተጠያቂው ዝም ማለትን ይመርጣል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ስለ አካል ጉዳተኞች የሚደረግ ጥናት እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው፣ የሚጠናው ሰው ራሱ በጥያቄው ላይ ድርሻ ሲኖረው መሆኑን ነው። ለዚህም ከእንግሊዝ አገር፣ ከዛምቢያና ከአገራችን ምሳሌ አመጣለሁ። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ አጥኚ ጠርተው ያዘኑ ሰዎች

በእንግሊዝ አገር፣ በሐምፕሸር አውራጃ፣ ሊ ኮርት የሚባል የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ነበረ። ያቋቋመውም ሊዮናርድ ቼሻየር የተባለው የጦር አውሮፕላን አብራሪ በ1948 ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የዚህ ቤት ነዋሪዎች ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ክርክር ነበራቸው፤ ከነዋሪዎቹም አንዱ ፖል ሐንት ይባላል። የሚጠይቁት ነገር ብዙ አልነበረም። የሚተኙበትን ሰዓት ራሳቸው እንዲወስኑ፣ ከቤቱ በወጡ ቍጥር ለአለቃ ማስታወቅ እንዳይገደዱ፣ ስለ ኑሯቸው በሚደረገው ውሳኔ ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው ነበር።

ነዋሪዎቹም ክርክራቸው እንዲጠናላቸው በማሰብ፣ የተማሩ አጥኚዎች መጥተው ኑሯቸውን እንዲመረምሩ ራሳቸው ጠየቁ። ከለንደኑ ታቪስቶክ ተቋምም ሁለት አጥኚዎች መጥተው ጥናቱን ሠሩ፤ በ1972ም በመጽሐፍ አሳተሙት። ነዋሪዎቹ ግን መጽሐፉን ባዩት ጊዜ እጅግ አዘኑ። አጥኚዎቹ፣ በእንዲህ ያለ ቤት የገባ ሰው በማኅበራዊ ኑሮ ዘንድ እንደ ሞተ የሚቈጠር ነው፤ የቤቱም ሥራ ከዚህ ሞት እስከ ሥጋ ሞቱ ድረስ ያለውን ዘመን እንዲሻገር መርዳት ነው ወደሚል አሳብ ደርሰው ነበርና።

ፖል ሐንት ለዚህ መጽሐፍ ጠንካራ መልስ ጻፈ፤ ጽሑፉም እርሱ ካረፈ በኋላ በ1981 ታተመ። የክርክሩ ፍሬ ነገር አጥኚ «እኔ ከማንም ወገን አይደለሁም» እያለ እንኳ ሥልጣን ካለው ወገን ጋር ሊቆም ይችላል የሚል ነው። በእኛ አገር «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ሊ ኮርት ውስጥ ግን ባለቤቶቹ በራቸውን ከፍተው ያስገቡት እንግዳ አጥሩን ነቀነቀባቸው።

2ኛ/ ጥያቄው ሲገለበጥ

ፖል ሐንት በጽሑፍ ብቻ አልተወሰነም። በመስከረም 1972 በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አውጥቶ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው እንዲሰበሰቡ ጠራ። ከዚያ ጥሪ የተነሣ፣ መለየትን የሚቃወም የአካል ጉዳተኞች ኅብረት ተመሠረተ። ይህ ኅብረት በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለይቶ አሳየ። አንደኛው በሰውነት ላይ ያለው ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው ዓለሙ ያን ሰው ሳያስብ በመሠራቱ የሚመጣበት መከልከል ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ ተማሪ እግሩ አይሄድምና በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀሳል እንበል። የ10ኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎች ሁሉ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ወደዚያ የሚያወጣውም ደረጃ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ከትምህርት ቀረ። ታዲያ ያስቀረው ምንድን ነው? እግሩ ነው የምንል ከሆነ ሐኪም እንጠራለን፤ ሐኪሙም ሊያድነው ካልቻለ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ደረጃው ነው የምንል ከሆነ ግን ግንበኛ እንጠራለን፤ ወይም ያለ ምንም ወጪ ክፍሉን ወደ ምድር ቤት እናወርደዋለን። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው።

ማይክ ኦሊቨር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅም በወጣትነቱ ደርሶበት ከነበረው አደጋ የተነሣ በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀስ ነበር። እርሱ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በ1980ዎቹ ባደረገው ጥናት አካል ጉዳተኞችን የጠየቃቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እየወሰደ ገለበጣቸው። መንግሥት፣ ዕቃ ለመያዝ የሚያስቸግርህ የትኛው ሕመም ነው ብሎ በጠየቀበት ቦታ፣ ኦሊቨር የጠርሙሱና የቆርቆሮው አሠራር ምን ጉድለት አለበት የሚል ጥያቄ አኖረ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በየቤቱ ሲጠየቅ የሚኖር ሰው፣ ችግሩ ሁሉ ከእርሱ ብቻ የመጣ ወደ መምሰል እንደሚደርስ አስረዳ። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአካል ጉዳት ጥናት ማዕከል የዚህን ንቅናቄ ጽሑፎች ሰብስቦ ለአንባቢ አቅርቧል።

3ኛ/ ከአንድ አገር ወደ ዓለም

ይህ አሳብ በእንግሊዝ ብቻ አልቀረም። በ1980 በካናዳ፣ በዊኒፔግ ከተማ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች ተሐድሶ የሚሠሩ ባለሙያዎች ትልቅ ጉባኤ አድርገው ነበር። በዚያ የተገኙት አካል ጉዳተኞች በድርጅቱ አመራር ላይ እኩል ድርሻ ይሰጠን ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ። ስለዚህ የራሳቸውን ዓለም አቀፍ ድርጅት ለማቋቋም ተስማሙ፤ በ1981ም በሲንጋፖር መሠረቱት። «ያለ እኛ ስለ እኛ ምንም አይደረግ» የሚለው መፈክር በየአገሩ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ቃል ሆነ።

በታኅሣሥ 2006 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጸደቀ። የስምምነቱ 4ኛ አንቀጽ መንግሥታት ሕግና ደንብ ሲያወጡ ከአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች ጋር እንዲመክሩ ያዛል። 31ኛው አንቀጽም ለሥራ የሚጠቅም ጥናትና ቍጥር እንዲሰበስቡ፣ ውጤቱም ለአካል ጉዳተኞች ራሳቸው እንዲደርስ ያዛል። አገራችን ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ2010 ተቀብላዋለች።

4ኛ/ የዛምቢያ ቍጥር

አሁን ደግሞ ጥያቄ ቍጥርን እንዴት እንደሚለውጥ እንመልከት። በዛምቢያ በ1990 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከመቶ ሰው 0.9፣ በ2000 በተደረገው ደግሞ ከመቶ 2.7 ብቻ አካል ጉዳተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2006 ግን ሲንቴፍ የተባለው የኖርዌይ የምርምር ድርጅት፣ የዛምቢያ ዩኒቨርሲቲና የዛምቢያ አካል ጉዳተኞች ድርጅቶች ፌዴሬሽን ተባብረው ባጠኑት ጥናት ከመቶ 8.5 ተገኘ። በ6 ዓመት ውስጥ የሕዝቡ አካል እንዲህ አልተጐዳም፤ የተለወጠው አጠያየቁ ነው።

አዲሱን አጠያየቅ ያዘጋጀው በ2001 በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ነው። ቡድኑ «ጉዳተኛ ነህን?» ብሎ መጠየቅን ትቶ፣ ሰው በየቀኑ ስለሚሠራቸው 6 ነገሮች መጠየቅን መረጠ። እነርሱም፦

ሀ/ መነጽር ቢያደርግም እንኳ ለማየት ይቸገር እንደሆነ፤
ለ/ የመስሚያ መሣሪያ ቢጠቀምም እንኳ ለመስማት ይቸገር እንደሆነ፤
ሐ/ ለመሄድ ወይም ደረጃ ለመውጣት ይቸገር እንደሆነ፤
መ/ ለማስታወስ ወይም አሳቡን ለመሰብሰብ ይቸገር እንደሆነ፤
ሠ/ ገላውን ለመታጠብ ወይም ለመልበስ ይቸገር እንደሆነ፤
ረ/ በለመደው ቋንቋ ከሰው ጋር ለመግባባት ይቸገር እንደሆነ ነው።

መልሱም አዎን ወይም አይደለም አይደለም። አልቸገርም፣ ጥቂት እቸገራለሁ፣ በብዙ እቸገራለሁ፣ ፈጽሞ አልችልም የሚሉ 4 ደረጃዎች አሉት። ከስድስቱ በአንዱ እንኳ «በብዙ እቸገራለሁ» ወይም «ፈጽሞ አልችልም» ያለ ሰው ይቈጠራል።

የዚህን ጥበብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቈጣሪ ወደ አንድ ቤት ገብቶ «በዚህ ቤት ዕውር አለን?» ቢል፣ ባለቤቲቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለም» ትላለች። «እናትዎ መርፌ ላይ ክር ያስገባሉን? ከደጅ የቆመውን ሰው ይለያሉን?» ቢላት ግን፣ «ኧረ እርሳቸውስ ካላናገሯቸው ሰው አይለዩም» ብላ ትነግረዋለች። ቃሉ ስለሚያሳፍር በመጀመሪያው ጥያቄ የተሰወሩት አሮጊት በሁለተኛው ጥያቄ ተገለጡ።

ይህ የቍጥር ጨዋታ እንዳይመስለን ሒሳቡን እንሥራ። 10,000 ሰው በሚኖርበት የዛምቢያ ከተማ በ2000 ቈጠራ መሠረት በጀት ቢያዝ ለ270 ሰዎች ይያዛል፤ በ2006ቱ ጥናት ከሆነ ግን ለ850 ሰዎች ነው። በመካከላቸው ያሉት 580 ሰዎች በወረቀት ላይ ስለሌሉ፣ ክራንች ሲታደል፣ የብሬል መጽሐፍ ሲታተም፣ መምህር ሲሠለጥን አይታሰቡም።

5ኛ/ የአገራችን ነገር

በአገራችን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው 3ኛው የሕዝብ ቈጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተቈጥሮ፣ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ ሰው ከ1 ጥቂት ቢበልጥ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በ2022 ባወጣው መግለጫ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 16ቱ፣ ማለት 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። አገራችን ብዙ ወጣት ያላት ስለሆነች ቍጥሯ ከዓለሙ ቢያንስ አያስደንቅም፤ ነገር ግን ይህን ያህል የሰፋውን ልዩነት ዕድሜ ብቻ ሊያስረዳው አይችልም። አጠያየቁና ልጅን በጓዳ የመሰወር ልማዳችንም ድርሻ አላቸው።

ቢሆንም የምንኰራበት ነገር አለን። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመው በ1960 ነው፤ ይህም ፖል ሐንት ደብዳቤውን ከጻፈበት ጊዜ 12 ዓመት ይቀድማል። በ1996 የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በአንድ ፌዴሬሽን ተሰበሰቡ። በ2005 ደግሞ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳትና ልማት ማዕከል ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማሩ ሲሆኑ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመከራከራቸው በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖራቸው አዝዟል። ሕጉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው እያንዳንዱን በርና ደረጃ የሚመለከት፣ አካል ጉዳተኛውንም «የት ቦታ ተቸገርህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

6ኛ/ ከእኛ የሚጠበቀው

እንግዲህ ጓደኞቼ፤ ከእኛ መካከል ነገ ቈጣሪ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም መምህር የሚሆን አለ። ጥያቄ መጠየቅን ግን ከዛሬ ልንማር እንችላለን። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ከሰሌዳው የማይገለብጥ ጓደኛ ቢኖረን፣ ሰነፍ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ጽሑፉ ይታየው እንደሆነ እንጠይቀው፤ የት ቢቀመጥ እንደሚሻለውም ራሱ ይንገረን። መምህራኖቻችን በዓመቱ መጀመሪያ ሲመዘግቡን ከላይ ያሉትን 6 ጥያቄዎች፣ ሰው በማይሰማበት ቦታ ሆነው፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢያቀርቡ ወንበርን ከማዛወር የበለጠ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ለብዙዎች ይገኝ ነበር። የተሰበሰበውም መልስ በመዝገብ ቤት እንዳይቀር፣ ምን እንደተሠራበት ለጠየቋቸው ተማሪዎች ሊነገራቸው ይገባል።

ወላጆቻችንም መዝጋቢ ሲመጣ በጓዳ ያለውን ልጅ ስሙን እንዲያስጽፉለት በትሕትና እለምናለሁ። ስሙ ያልተጻፈ ልጅ ወንበር አይሠራለትም፤ መጽሐፍም አይገዛለትም።